ቀይ አፈር፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ ድንጋይ፦ ከመሬት የለቀሙትን ለሴራሚክ ማዋል

ጥያቄ፦ የሴራሚክ ተማሪ ነኝ። እስካሁን የሠራሁት በተገዛ ጭቃና በተገዛ ግሌዝ (ሸክላ ላይ ተቀብቶ እሳት ውስጥ እንደ መስታወት የሚቀልጥ ቅብ) ነው። አሁን ራሴ የሰበሰብኩትን መጠቀም ፈልጌያለሁ። ለመንገድ ሥራ ከተቆረጠ ዳገት ያመጣሁት ቀይ አፈር አለኝ። አንድ ከባድ ጥቁር ድንጋይና አንድ ብልጭ ብልጭ የሚል ነጭ ድንጋይም አግኝቻለሁ። ቀዩን አፈር እንዳለ ለውሼ ሳህኖች ሠራሁ። አብዛኞቹ ሲደርቁ ተሰነጠቁ። የተረፉትን 1000 ዲግሪ ላይ አቃጠልኳቸው። ከምድጃ ሲወጡ ደህና ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ላያቸው እየተፈነቀለ ነጭ ነጭ ጉድጓድ አወጣ። ድንጋዮቹን ደግሞ እንዴት እንደምፈጫቸውም አላውቅም። አፈሩ አይረባም ማለት ነው? ሰው የሚመገብበት ዕቃ ብሠራበትስ ችግር አለው?

መልስ፦ አፈርሽ አይረባም ለማለት ገና ነው። ያጋጠሙሽ ችግሮች ሁለት ናቸው፤ ምክንያታቸውም ለየቅል ነው። ስንጥቁ የመኮማተር ጉዳይ ነው። ፍንቅሉ ደግሞ የኖራ ጉዳይ ነው። ሁለቱም መላ አላቸው።

በቅድሚያ ግን ጥያቄሽን ትንሽ ላዙረው። የተገዛ ጭቃ ፋብሪካው ለአንድ ሥራ ብሎ አመጣጥኖ ያዘጋጀው ነው። ከመሬት የለቀምሽውን ማንም አላመጣጠነውም። ስለዚህ እንደተገዛው እንዲታዘዝሽ ከጠበቅሽ ዘጠና በመቶውን ትጥይዋለሽ። "ይረባል ወይ?" ከምትይው ይልቅ "ዕቃው ላይ የቱ ጋ ይግባ?" በይው። ለዕቃው አካል የማይሆን አፈር በውሃ ተበጥብጦ ላዩ ላይ የሚቀባ ቀጭን ጭቃ፣ ማለትም ስሊፕ ይሆናል። ምድጃ ውስጥ ቀልጦ የሚያስቸግርሽ አፈር ግሌዝ ይሆናል። ብቻውን አልቀልጥም ያለ ድንጋይ ደግሞ ተከትክቶ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ምንም ቦታ ያጣ አፈር እምብዛም አላየሁም።

በነጩ ጉድጓድ እንጀምር። አንዱን ጠጋ ብለሽ እይው። መሃሉ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች። በጥፍርሽ ስትነኪያት ዱቄት ትሆናለች። ጥፋተኛዋ እሷ ናት። መጀመሪያ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ ነበረች። ምድጃው ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ በውስጧ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትለቅና ውሃ የምትፈልግ ኖራ ትሆናለች። ዕቃው ከምድጃ ከወጣ በኋላ ከአየሩ እርጥበት ትስባለች። ስትስብ ታብጣለች። ስታብጥ ላይዋ ያለውን ሸክላ ገፍታ ትፈነቅለዋለች። ሳምንት የቆየው ለዚህ ነው።

መፈተሻው አንድ ጠርሙስ አቼቶ ነው። ከደረቀው አፈር አንድ ማንኪያ ወስደሽ አቼቶ ጠብ አድርጊበትና ጆሮሽን አስጠጊ። ሽሽሽ ካለ ኖራ አለበት። አረፋው እዚህም እዚያም በነጠላ ነጥብ ከወጣ ኖራው በጠጠር መልክ ተበትኗል ማለት ነው። አፈሩ በሙሉ ከፈላ ደግሞ ኖራው ደቅቆ ተዋህዷል። የሚገርመው ሁለተኛው ያን ያህል አያስፈራም። ዕቃ የሚያበላሸው ጠጠሩ ነው እንጂ የደቀቀው አይደለም።

ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ወንፊት ነው። ጭቃውን አቅጥነሽ በ80 ሜሽ ወንፊት አሳልፊው። ሜሽ ማለት በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ የሚገኘው የቀዳዳ ብዛት ነው፤ የ80ው አንድ ቀዳዳ 0.18 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ያነሰች የኖራ ቅንጣት ሸክላ የመፈንቀል አቅም የላትም። አንዳንዶች ከምድጃ የወጣውን ዕቃ ገና ለብ እንዳለ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ኖራው ውሃውን በአንዴ ጠጥቶ ይለሰልስና ወደ ሸክላው ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ይሠራል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። እኔ ወንፊቱን አምናለሁ። በጉድጓድ ወይም በሜዳ ላይ እሳት የምታቃጥይ ከሆነና ሙቀቱ 700 ዲግሪ አካባቢ ከቀረ ደግሞ ኖራው እንደ ድንጋይነቱ ስለሚቆይ ጭራሽ አያስቸግርሽም።

አሁን ወደ ስንጥቁ። አፈሩን "እንዳለ ለወስኩት" ብለሻል። ምናልባት ነገሩ የተበላሸው እዚያ ጋ ነው። ከመሬት የመጣ አፈር መጀመሪያ ድርቅ ማለት አለበት። የደረቀ ጓል ውሃ ውስጥ ስትጨምሪው አረፋ እያወጣ ራሱ ይናዳል። እርጥብ ጓል ግን ውስጡ ውሃ ስለያዘ አዲስ ውሃ አያስገባም፤ ቀናት ዘፍዝፈሽውም መሃሉ ጓል ነው። እንግዲህ አድርቂ፣ ሰባብሪ፣ ብዙ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊ፣ በእጅሽ አማስዪ፣ መጀመሪያ በሰፊ ከዚያ በጠባብ ወንፊት አሳልፊ። ሲዘቅጥ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ድፊው። ወፍራሙን ጨርቅ ላይ ወይም ጄሶ ላይ አውጥተሽ ለመታሸት እስኪበቃ አድርቂ። ከዚያ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ለጥቂት ሳምንታት እርሺው። ሲቆይ እየተለጠጠ ይሄዳል። ትዕግሥት ካለሽ ይበልጥ ይመቻል።

ከዚያ መለኪያ ሥሪ። ከጭቃው ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ቁራጭ አውጪና ላዩ ላይ በቢላ ጫፍ ልክ 100 ሚሊሜትር የሚራራቁ ሁለት መስመሮች አድርጊበት። ሲደርቅ ለኪው። 94 ከሆነ 6 በመቶ ተኮማትሯል፤ ጥሩ ነው። 90 ከሆነ ግን 10 በመቶ ነው፤ ሳህንሽ መሰንጠቁ አይቀርም። እንዲህ የሚኮማተር አፈር ብዙ ጊዜ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ ዓይነት ሸክላ አለበት። መረሬ መሬት በበጋ የሚሰነጣጠቀው በዚሁ ዓይነት ሸክላ የተነሳ ነው። መፍትሔው ማክሳት ነው፦ ከ10 እስከ 20 በመቶ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ጨምሪበት። ገል እኔ የምወደው ነው። የተሰነጠቁትን ሳህኖችሽን አቃጥለሽ ፍጫቸውና መልሰሽ እዚያው ጭቃ ውስጥ ክተቻቸው። ከመፍጨትሽ በፊት ግን ነጭ ጠጠሮቹን ለቅመሽ አውጪ፤ ካልሆነ ያንኑ ኖራ መልሰሽ ማስገባትሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ያልተሞከረ አዲስ አፈር ስታቃጥይ የምድጃው መደርደሪያ ላይ በቀጥታ አታስቀምጪ። አሮጌ ሳህን ላይ ወይም ጠርዝ ባለው የሸክላ ጎድጓዳ ላይ አድርጊው። ምክንያቱም ቀይ አፈር ውስጥ ብረት አለ፣ ብረቱም ከሌሎች አቅላጮች ጋር ተባብሮ ቀድሞ ያቀልጠዋል። 1000 ዲግሪ ላይ ደህና ጠንካራ ሸክላ የሆነው አፈር 1150 ላይ ሊያብጥ፣ 1220 ላይ ሊጎብጥ፣ 1280 ላይ ኩሬ ሠርቶ ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ ትናንሽ ቁራጮችን በተለያየ ሙቀት ሞክሪ። ቀለሙም ይለዋወጣል፦ ከብርቱካናማ ወደ ቀይ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር።

ያ ኩሬ ደግሞ ኪሳራ አይደለም። ግሌዝ አገኘሽ ማለት ነው። በኒውዮርክ ግዛት ኦልባኒ አካባቢ የሚቆፈር አንድ ተራ አፈር ነበር። ምንም ሳይጨመርበት በውሃ ተበጥብጦ ተቀብቶ ሲቃጠል አንጸባራቂ ቡናማ ግሌዝ ይሆናል። በ19ኛው መቶ ዘመን እንደ ድንጋይ እስኪጠነክሩ የተቃጠሉ የአሜሪካ ሸክላ ማሰሮዎች ውስጣቸው በዚህ ነው የተሸፈነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማውጣቱ ሲቆም በእሱ ላይ ቀመራቸውን የሠሩ ሁሉ ምትክ ፍለጋ ገቡ።

ከዚህም የረቀቀው የአቴናውያኑ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛውና በ5ኛው መቶ ዘመን የሠሯቸው ቀይና ጥቁር ማሰሮዎች ላይ ያለው የሚያብለጨልጭ ጥቁር በዛሬው አነጋገር ግሌዝ አይደለም። ብረት ያለበት አፈር እጅግ የደቀቀው ክፍል ነው። አንድ ጊዜ ሲያቃጥሉ ምድጃውን መጀመሪያ አየር ሰጡት፣ ቀጥሎ አየር ነሱት፣ በመጨረሻ መልሰው ሰጡት። አየር ሲያጣ ሁሉም ጠቆረ። አየር ሲመለስ ቀዳዳ ያለው የዕቃው አካል መልሶ ቀላ። የደቀቀው ቅብ ግን ጥቅጥቅ ብሎ ስለተዘጋ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

አንቺም የዚህን ግማሽ መንገድ ዛሬ መሄድ ትችያለሽ፤ በሙያው ቴራ ሲጂላታ ይሉታል። ያጠለልሽውን ቀይ አፈር በብዙ ውሃ በጥብጪ። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይያያዙ ጥቂት ሶዲየም ሲሊኬት ጨምሪና ረዥም ግልጽ ማሰሮ ውስጥ ሳትነቀንቂው አንድ ቀን ያህል ተይው። ሦስት ድርብ ታያለሽ። ላይ ውሃ፣ መሃል ቀጭን ስሊፕ፣ ታች ዝቃጭ። የምትፈልጊው መሃሉን ነው። በቀጭን ቱቦ ሳቢው። ሙሉ በሙሉ በደረቀና ባልተቃጠለ ዕቃ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቢና ወዲያው በጨርቅ ወልውዪው። ያበራል። ከ1000 ዲግሪ በላይ ከሄድሽ ግን ብርሃኑን እያጣ ይመጣል።

አሁን ድንጋዮቹ።

ፎቶ ሳላይ መፍረድ ይከብዳል፤ ቢሆንም ከባድና ጥቁር ያልሽው ባዛልት፣ ነጭና ብልጭልጭ ያልሽው ደግሞ ግራናይት ወይም የእሱ ዘመድ ይመስለኛል። ሁለቱ ምድጃ ውስጥ ጠባያቸው ለየብቻ ነው። ባዛልት ከ45 እስከ 52 በመቶ ገደማ ሲሊካ (ብቻውን ለመቅለጥ እጅግ ብዙ ሙቀት የሚፈልግ ንጥረ ነገር) አለው፤ ከዚያ ላይ ብዙ ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም። ስለዚህ በቀላሉ ይቀልጣል። በደንብ ከደቀቀ 1250 ዲግሪ አካባቢ ብቻውን እንደ ሬንጅ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። ግራናይት ደግሞ ሲሊካው 70 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ውስጡ ያለው ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ይለሰልሳል፣ ንጹሕ ሲሊካ የሆነው ኳርትዝ ግን አሻፈረኝ ይላል። 1280 ላይ ብቻውን ብታስቀምጪው ነጭ፣ ወፍራም፣ በግማሽ የቀለጠ ነገር ታገኛለሽ። የሚጎድለው አቅላጭ ነው።

አፈጫጩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ እዚህ ጋ ልቆይ። ደረቅ ጠንካራ ድንጋይ በመዶሻ መምታት ክንድን ከማድከም ያለፈ ውጤት የለውም። መጀመሪያ አሙቂው። ኳርትዝ 573 ዲግሪ ላይ ድንገት ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠባል። በዚህ የተነሳ ድንጋዩ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጣጠቃል። ክዳን ያለው የተቃጠለ ሸክላ ውስጥ አድርገሽ ከሌላ ሥራ ጋር ወደ 900 ዲግሪ አድርሺው፣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በኋላ ግራናይቱ በትንሽ ምት ይፈረካከሳል። ባዛልት ኳርትዝ ስለሌለው እንዲህ አይለዝብም፤ እሱ ጉልበት ይፈልጋል። ሁለት ነገር ግን አስተውዪ። ከወንዝ የወጣ እርጥብ ድንጋይ ምድጃ ውስጥ ይፈነዳል፤ ለሳምንታት ሳይደርቅ አይግባ። የኖራ ድንጋይ ደግሞ እንዲህ አይሞቅም፤ ቆዳ የሚያቃጥል ኖራ ይሆንብሻል።

ከሙቀቱ በኋላ በጨርቅ ጠቅልለሽ በመዶሻ ሰባብሪ። ቀጥሎ የብረት ሙቀጫና ዘነዘና። ቦል ሚል የሚባለው የሚሽከረከር መፍጫ ካለሽ ደግሞ ተገላገልሽ። ስትወቅጪ ውሃ ጨምሪበት። ደረቅ የድንጋይ ብናኝ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ ለደቃቅ ብናኝ የተሠራው ይሁን። ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አትጥረጊ። በመጨረሻ በ100 ሜሽ አሳልፊው። የተወቀጠው በብረት ከሆነና ነጭ ግሌዝ ከፈለግሽ ማግኔት አዙሪበት። ከመዶሻው የተላጡት ፍርፋሪዎች ካልወጡ ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ።

ዱቄቱ ሲደርስ ቀመር አትፈልጊ። ግራናይቱን ይዘሽ ደረጃ በደረጃ ቅይጥ ሥሪ። አቅላጩ የደቀቀ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ይሁን። አዎ፣ ሳህንሽን ያበላሸው እሱው ኖራ ነው። ደቅቆ በከፍተኛ ሙቀት ሲገባ ጥሩ አቅላጭ ነው። በደረቁ መዝነሽ የመጀመሪያዋ ኩባያ 20 ግራም ግራናይት ብቻ ትሁን። ሁለተኛዋ 19 ግራም ግራናይትና 1 ግራም የኖራ ድንጋይ ዱቄት። ሦስተኛዋ 18 እና 2። እንዲህ እያልሽ 12 እና 8 ድረስ ውረጂ። እያንዳንዷን ቆሞ በሚቃጠል የሙከራ ቁራጭ ላይ ቀቢ፣ ቁጥሩን ከጀርባ በብረት ኦክሳይድ ጻፊ። 1280 ላይ ሲወጡ በተርታ ደርድሪያቸው። የመጀመሪያዎቹ ደረቅና ሸካራ ናቸው። መሃል ላይ ለስላሳ ይጀምራል። ወደ መጨረሻው ይፈስሳል ወይም ድብዝዝ ይላል። ግሌዝሽ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ኖራ ባለበት አካባቢ ተቀምጦ ይጠብቅሻል። በኖራው ፋንታ የእንጨት አመድ ብትጠቀሚም ይሠራል፤ አመዱ ግን እንደ ዛፉ ይለያያል።

ሌላም ተርታ አለ፣ እኔ ይበልጥ የሚያጓጓኝ፦ ባዛልትና ግራናይት ለብቻቸው። እዚህ ቀለሙን የሚለዋውጠው በዋናነት ብረቱ ነው። ብረቱ 8 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ጥቁር ቡናማ ይሆናል። 1 ወይም 2 በመቶ ላይ ሲወርድና ምድጃው አየር ሲያጣ ሰማያዊ የመሰለ አረንጓዴ ይመጣል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ የምታቃጥይው አየር ስለማያጣ አረንጓዴውን አትጠብቂ፤ ቢጫ ነው የሚሆነው። የድንጋይ ዱቄት ውሃ ውስጥ ወዲያው ስለሚዘቅጥና ታች ስለሚደርቅ ከ5 እስከ 10 በመቶ ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) ወይም የራስሽን ቀይ አፈር ጨምሪበት፣ ይንሳፈፍልሻል።

እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም። በቻይናዋ ጂንግደዠን ከተማ ፖርሴሊን የሚባለው ነጭ ጥቅጥቅ ሸክላ የተሠራው በውሃ ኃይል በሚነሱ መዶሻዎች የተወቀጠ ድንጋይ ከካኦሊን ጋር ተቀላቅሎ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 1980 በአሜሪካ የሚገኘው የሴይንት ሄለንስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የወረደውን አመድም ሸክላ ሠሪዎች ሰብስበው ለግሌዝ አውለውታል።

ሳይፈጭ ስለሚገባው ድንጋይም ልበል። የጃፓኑን የሺጋራኪ ሸክላ አይተሽ ከሆነ ላዩ ላይ ነጭ ነጭ ጉብታ አለ። በጭቃው ውስጥ ቀድሞውንም ያለ የፌልድስፓር ጠጠር ነው፤ በእሳቱ ለስልሶ ብቅ ይላል። ግራናይትሽን ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር አድርገሽ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጭቃሽ ውስጥ ብትለውሺ ወደዚያ ትጠጊያለሽ። ባዛልቱ ደግሞ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ግሌዙን ሰርስሮ ይወጣል። በሸክላ መሥሪያው መሽከርከሪያ ላይ ግን መዳፍሽን ይልጥሻል። በእጅ ለሚገነባ ሥራ አድርጊው።

የምግብ ዕቃውን በተመለከተ አቋሜ ጠበቅ ያለ ነው። ሁለት ነገር መለየት አለብሽ፦ ውሃ የሚያሳልፍ መሆኑንና መርዝ የሚለቅ መሆኑን። የመጀመሪያውን ራስሽ ትለኪዋለሽ። ግሌዝ የሌለበትን የተቃጠለ ቁራጭ መዝኚ፣ 5 ሰዓት ቀቅዪ፣ ሌሊቱን እዚያው ውሃ ውስጥ አሳድሪ፣ ላዩን ጠርገሽ እንደገና መዝኚ። 50 ግራም የነበረው 54 ከሆነ 8 በመቶ ውሃ ጠጥቷል። ለአበባ ማስቀመጫም ያልባል። ለመመገቢያ ዕቃ ከ2 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው የሚጀምረው ከመልቀሙ ነው። ከማዕድን ቁፋሮ ክምር፣ ከፋብሪካ አጥር ሥርና ከአሮጌ ጋራዥ ግቢ አፈር አታምጪ። ደማቅ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ድንጋይ መዳብ ሊኖረው ይችላል። እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ፣ ግራጫና በጣም ከባድ ኩብ ኩብ ድንጋይ የእርሳስ ማዕድን ሊሆን ይችላል። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ማዕድን ባዜቃ ወይም አርሴኒክ ሊይዝ ይችላል። እንደ ክር የሚተረተር ድንጋይ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላልና ፈጽሞ አትውቀጪው። ወርቅ የሚመስል ፍርፋሪ ያለበት ደግሞ ድኝ አለው፤ ምድጃው ሲሞቅ የሚያፍን ጭስ ይለቃል። ባዛልትና ግራናይት በጥቅሉ ከእነዚህ ችግሮች የራቁ ናቸው።

ግሌዙን ስትጨርሺ ቁራጩን ግማሽ ድረስ አቼቶ ውስጥ ነክረሽ አሳድሪው። ጠዋት ላይ የነከርሽው ግማሽ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ብርሃኑን ካጣ ግሌዙ ለምግብ አይሆንም። ካልተለወጠ ግን አለፈ ማለት አይደለም፤ እርሳስ ቀለም ሳይለውጥም ይወጣል። ለሰው የምትሸጪው ወይም የምትሰጪው ሳህን ከሆነ ላቦራቶሪ ይመርመረው። እስከዚያ ድረስ ውጩን በለቀምሽው፣ ውስጡን በታወቀ የተገዛ ግሌዝ ሸፍኚ። ብዙ የታወቁ ሸክላ ሠሪዎችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ማንም አያፍርበትም።

በመጨረሻ ስለ መጠኑ። ለፍተሻ አንድ ባልዲ ይበቃል። የመሬቱ ባለቤት ካለ አስፈቅደሽ ቆፍሪ። ከላይ ያለውን ሥርና ብስባሽ ያለበትን አፈር አንሺና ከሥሩ ውሰጂ። ከረጢቱ ላይ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን ጻፊ። ፍተሻው ጥሩ ከሆነ ተመልሰሽ ለሙሉ ሥራው የሚበቃሽን በአንዴ አምጪና ሁሉንም አደባልቂው። ከዚያው ጉድጓድ ሁለት ሜትር ፈንጠር ብሎ ያለው አፈር ሌላ አፈር ሊሆን ስለሚችል፣ በሚቀጥለው ዓመት ስትሄጂ ከአቼቶው ጀምሮ እንደ አዲስ ፈትሺው።